ቀመር በደቦ፦ ሒሳብን አብሮ የመጻፍ ረጅም መንገድ

በየቴሌግራም ግሩፑ የሒሳብ ጥያቄ እንዴት እንደሚላክ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ተማሪው ጥያቄውን ደብተሩ ላይ በእስክርቢቶ ይጽፋል፣ በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ይልካል። መላሹም እንደዛው ነው፤ ወረቀት ፈልጎ ይሠራል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይልካል። አንዲት የመቀነስ ምልክት ከተዘነጋች ሦስተኛ ሰው ይመጣና ሁሉንም በራሱ ወረቀት ገልብጦ፣ ስህተቷን በቀይ ከብቦ፣ እንደገና ፎቶ! ከሳምንት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ሌላ ልጅ ይጠይቃል። ፈልጎ አያገኘውማ። ፎቶ ውስጥ ያለ ቀመር በፍለጋ አይወጣም።

ብዙ ሰው ይሄን የኛ ኋላ ቀርነት አድርጎ ያየዋል። እኔ አይመስለኝም። ቀመርን ከሌላ ሰው ጋር አብሮ መጻፍ የዓለም ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎችንም ለብዙ ዘመን ያስቸገረ ነገር ነው። መፍትሄው የመጣበት መንገድ ደግሞ ለኛም የሚሆን ትምህርት አለው። ዛሬ እሱን ታሪክ ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

፩. ችግሩ ምንድን ነው?

ፊደል በመስመር ነው የሚሄደው። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዓረብኛና ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ፤ ብቻ በሁሉም አንዱ ፊደል ሌላውን ይከተላል። ቀመር ግን መስመር አይበቃውም። ክፍልፋይ ላዕልና ታህት አለው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ርቢ ቁጥሩ ትከሻ ላይ ይቀመጣል። የስኩዌር ሩት ምልክት እንደ ጣራ ይዘረጋል፤ ከሥሩ ያለው ሲረዝም ጣራውም አብሮ መርዘም አለበት። ባጭሩ ቀመር ግማሹ ጽሑፍ፣ ግማሹ ሥዕል ነው።

ሁሌም እንዲህ አልነበረም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ይሠራ የነበረው አል-ኽዋሪዝሚ፣ አልጀብራ የሚለው ስም የወጣበትን መጽሐፍ ሲጽፍ እንደኛ ዘመን ምልክት አልደረደረም። ሁሉንም በቃል ነው ያስረዳው። ስለዚህ ጽሑፍ መገልበጥ የሚችል ሰው ሁሉ ያንን ሒሳብ መገልበጥ ይችል ነበር። ምልክቶቹ ቀስ በቀስ የመጡት በኋላ ነው። ዛሬ የእኩል ምልክት የምንላቸውን ሁለት ትይዩ መስመሮች በ1557 ያስተዋወቀው የዌልስ ተወላጁ ሮበርት ሪኮርድ ነው። “እኩል ነው” የሚለውን ሐረግ መደጋገም ስለሰለቸው፣ ከሁለት ትይዩ መስመሮች የበለጠ የሚተካከል ነገር የለም ብሎ መረጣቸው። ከዚያ ወዲህ ምልክት በምልክት ላይ ተጨመረ። አንድ ገጽ ሙሉ ይፈጅ የነበረ ሐሳብ ግማሽ መስመር ሆነ። ማሰብ ቀለለ፣ ማተም ግን ከበደ።

፪. ደብዳቤና እርሳስ

በእጁ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ሁሉ ችግር አይደለም። እጅ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል። ለዚህ ነው የሒሳብ ሰዎች ለረጅም ጊዜ አብረው የሠሩት በደብዳቤ የነበረው። ከነዚህ ደብዳቤዎች ምናልባት ዝነኛው በጥር 1913 ከህንድ ማድራስ ወደ ካምብሪጅ የሄደው ነው። ጸሐፊው ስሪኒቫሳ ራማኑጃን ይባላል፤ የማድራስ ወደብ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ክፍል ተራ ሠራተኛ ነበር። ተቀባዩ ጂ. ኤች. ሃርዲ ነው። ደብዳቤው በቀመር የታጨቀ ነበር፣ ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። ሃርዲ “ይሄን እንዴት አገኘኸው?” ብሎ ሲጽፍ ጥያቄው ባሕር ይሻገራል፣ መልሱም ባሕር ይሻገራል። በዚህ መንገድ ብዙ መሄድ አይቻልም። መፍትሄው ራማኑጃንን ራሱን ማምጣት ሆነ፤ በ1914 በመርከብ እንግሊዝ ገባ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያኔ ቀመር ላይ አብሮ ለመሥራት ሰውየው አገሩን ጥሎ መሄድ ነበረበት። ሐሳቡ በፖስታ ደርሷል፤ ሁለቱ ሰዎች እኩል እጃቸውን የሚያስገቡበት ወረቀት ግን አልነበረም።

ማተሚያ ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፊደል ለቃሚው እያንዳንዷን የእርሳስ ፊደል እያነሳ ይደረድራል። ተራ ጽሑፍ ከሆነ ይፈጥናል። ቀመር ሲመጣ ግን ትንንሾቹን ቁጥሮች ከትከሻ ላይ ማስቀመጥ፣ የክፍልፋዩን መስመር በልክ መቁረጥ፣ ክፍተቱን በእጅ መሙላት አለ። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ አታሚዎች የሒሳብ ጽሑፍን “የቅጣት ሥራ” እንደ ማለት ባለ ስም ነበር የሚጠሩት፤ ክፍያውም ከተራው ይበልጣል። ሒሳብ ደራሲውም የመጨረሻው ማረሚያ እስኪመጣለት ድረስ ቀመሩ ምን እንደሆነ አያውቅም። አንዲት ምልክት ብትገለበጥ ቲዎረሙ ሌላ ቲዎረም ነው የሚሆነው።

፫. ክኑት ማረሚያውን ሲያይ

አሁን ወደ 1977 እንምጣ። የስታንፎርዱ ዶናልድ ክኑት ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበብ ብዙ ቅጽ ያለው መጽሐፍ እየጻፈ ነበር። የመጀመሪያው ቅጽ በ1968 ሲወጣ በእርሳስ ፊደል የተለቀመ፣ የሚያምር ነበር። የሁለተኛው ቅጽ አዲስ እትም ሲዘጋጅ ግን ማተሚያ ቤቶች እርሳሱን ትተው በፎቶ ወደሚሠራው ዘዴ እየዞሩ ነበር። ማረሚያው ሲመጣለት ክኑት ደነገጠ። ፊደሉ አስቀያሚ፣ ክፍተቱ የተዛባ።

ሌላ ሰው ቢሆን ማተሚያ ቤቱን ይወቅስና ያልፋል። ክኑት ምን አደረገ መሰላችሁ? መጽሐፉን አስቀምጦ መጽሐፍ የሚያሳምር ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። በአንድ የዕረፍት ዓመት የሚያልቅ መስሎት ነበር። ወደ አሥር ዓመት ፈጀበት! ስሙን ቴኽ አለው፤ መነሻው ጥበብና ሙያ የሚል የግሪክ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የመጨረሻውን ድምፅ ማውጣት ያቅታቸዋል፤ የኛ “ኽ” ግን ልክ ትገጥማለች። ፕሮግራሙን ማንም እንዲጠቀምበት በነጻ ለቀቀው። ስህተት ላገኘለት ሰው ቼክ ይጽፍ ነበር፤ የሽልማቱ መጠን በየጊዜው እየተጠፈ 327 ዶላር ከ68 ሳንቲም ላይ ቆመ። የፕሮግራሙ የእትም ቁጥርም ወደ ፓይ እየተጠጋ ነው የሚሄደው፦ 3.14፣ 3.141፣ 3.1415 እያለ።

ብዙ ሰው የክኑትን ሥራ የሚያደንቀው በውበቱ ነው። ለኔ ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ክኑት ቀመርን መልሶ መስመር አደረገው። በላቴክ፣ ማለትም ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ በቴኽ ላይ በገነባው ቀለል ያለ ሥርዓት፣ አንድ ሁለተኛ ለመጻፍ ባክስላሽ ታደርጋላችሁ፣ “ፍራክ” የሚሉትን አራት የላቲን ፊደሎች ትጽፋላችሁ፣ በአንድ ጥምዝ ቅንፍ 1፣ በሌላው 2። ሥዕሉን ኮምፒውተሩ ይሥላል። እናንተ የጻፋችሁት ግን ተራ የፊደል ሰልፍ ነው። በኢሜይል ይላካል። ይገለበጣል። ይፈለጋል። ከሁሉ በላይ ሌላ ሰው ያርመዋል።

ውጤቱ ብዙ አልቆየም። በነሐሴ 1991 ፖል ጊንስፓርግ ሎስ አላሞስ ውስጥ ዛሬ አርካይቭ የምንለውን የጥናት ጽሑፎች ማከማቻ ሲከፍት፣ መጀመሪያ ይሠራ የነበረው በኢሜይል ነው፤ የሚላከውም የቴኽ ጽሑፍ ነበር። የሒሳብና የፊዚክስ ሰዎችም ያንን የባክስላሽ ቋንቋ ሳይሣል፣ በጥሬው ማንበብ ለመዱ። ዛሬም በኢሜይል ሲነጋገሩ በሱ ነው የሚጽፉት።

፬. ሁለት እጅ፣ አንድ ወረቀት

ቀመሩ መስመር ሆነ። ቀጣዩ ጥያቄ፦ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ መጻፍ ይችላል ወይ?

ሐሳቡ ከቴኽም ይቀድማል። ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 ዳግላስ ኢንግልባርት ሳን ፍራንሲስኮ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሜንሎ ፓርክ ካለ ባልደረባው ጋር በአንድ ስክሪን ላይ ሲሠሩ ለሕዝብ አሳይቷል። ማውስ የሚባለውም ለሕዝብ የታየው በዚሁ ቀን ነው። ግን ማሳየት አንድ ነገር ነው፣ ሳይጋጩ አብሮ መጻፍ ሌላ።

ግጭቱ እንዲህ ነው። ፋይሉ ላይ “አበበ በሶ በላ” ተጽፏል እንበል። እናንተ መጀመሪያ ላይ “ትናንት” ብላችሁ ከነክፍተቱ ትጨምራላችሁ። እኔ በዚያችው ቅጽበት፣ የናንተ ጽሑፍ ሳይደርሰኝ፣ 9ኛዋን ምልክት “ላ”ን አጥፋ ብዬ አዛለሁ። የኔ ትእዛዝ ከናንተ በኋላ ሲደርስ 9ኛው ቦታ ላይ ያለው “ላ” አይደለም፤ በ“አበበ” እና በ“በሶ” መካከል ያለው ክፍተት ነው። እሱ ይጠፋና “ትናንት አበበበሶ በላ” ይሆናል። መላው ምንድን ነው? የኔን ትእዛዝ እናንተ በጨመራችሁት ልክ ማሸጋገር፦ 9 የነበረው 14 ይሁን። ይሄን ዘዴ በ1989 ክላረንስ ኤሊስና ሳይመን ጊብስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በጽሑፍ አቀረቡት። ጎግል ዶክስ ላይ የጓደኛችሁ ጠቋሚ ከናንተ ጎን እየተንቀሳቀሰ ጽሑፋችሁ የማይበላሸው ከዚህ ሐሳብ በተወለዱ ዘዴዎች ነው።

ልብ በሉ፣ ዘዴው የሚሠራው ፊደሎቹ ተሰልፈው ሲቆጠሩ ነው። የቴኽ ቀመር የፊደል ሰልፍ ስለሆነ ምንም ሳይጨመርለት በዚህ ይገባል። ፎቶ አይገባም።

የሚገርመው የድረ-ገጽ ታሪክ ነው። ዌብን ቲም በርነርስ-ሊ የፈጠረው ሰርን ውስጥ፣ በፊዚክስ ሊቃውንት መሀል ነው። ግን ቀመር የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም! ማትኤምኤል የሚባለው የድረ-ገጽ ቀመር ደንብ የጸደቀው በ1998 ነው፤ ክሮም ደግሞ በአግባቡ የተቀበለው በ2023 መጀመሪያ ነው። በመሀል ክፍተቱን የሞላው ማትጃክስ የሚባል በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። እሱም የሚያነበው የክኑትንና የላምፖርትን ቋንቋ ነው።

፭. ሃምሳ ሎሚ

ጥር 27 ቀን 2009 የካምብሪጁ ቲሞቲ ጋወርስ ብሎጉ ላይ አንድ ጥያቄ አነሳ፦ ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሆኖ ሒሳብ መሥራት ይችላል ወይ? ጋወርስ ተራ ሰው አይደለም፤ በ1998 የፊልድስ ሜዳሊያ ያገኘ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደምንለው ነበር ሐሳቡ።

የመረጠው ጥያቄ ከኤክስና ዜሮ ጨዋታ ጋር ይዛመዳል። 3 በ3 የሆነችውን ሰሌዳ ታውቋታላችሁ። አሁን ሰሌዳዋ ወደ ብዙ አውታር ታድጋለች እንበል። ከሳጥኖቹ፣ ለምሳሌ፣ ከመቶ አንዱን እጅ ምረጡ፣ ግን ሦስቱ በአንድ መስመር እንዳይውሉ ተጠንቀቁ ብትባሉ፣ አውታሩ በበቂ ሲበዛ ማምለጥ አትችሉም። መስመር የግድ ይወጣል። ይሄ እውነት መሆኑ በ1991 በፉርስተንበርግና ካትዝኔልሰን ተረጋግጧል፤ መንገዱ ግን እጅግ የተወሳሰበ ነበር። ጋወርስ ቀለል ያለ ሌላ መንገድ ነው የፈለገው።

ደንብም አወጣ። አንድ አስተያየት አንድ ሐሳብ ይያዝ። ያልበሰለ ሐሳብ መጻፍ ነውር አይደለም። ጥግ ይዛችሁ ለብቻችሁ ሠርታችሁ የጨረሰ ነገር ይዛችሁ አትምጡ። ይሄኛው ከባድ ነው፤ የሒሳብ ሰው ልማዱ ቤቱን ዘግቶ ሠርቶ ያማረውን ብቻ ማሳየት ነው። እዚህ ግን ድንግዝግዙን ሁሉ በአደባባይ፣ ከነስሙ!

በ37 ቀን ውስጥ 27 ሰዎች ወደ 800 የሚጠጉ አስተያየቶችን ጻፉ፤ ሲደመር 170,000 ቃል ነው። ከጸሐፊዎቹ መሀል ቴረንስ ታኦን የመሰለ የፊልድስ ተሸላሚም፣ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪም ነበሩ። ችግሩ ተፈታ፤ ለጀመሩት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን ለአጠቃላዩም። መሣሪያቸው ምን ነበር? የብሎግ አስተያየት መስጫና ላቴክ። ያውም ተልኮ ካልታየ በስተቀር ቀመሩ ትክክል ይሁን አይሁን አይታወቅም፤ ጸሐፊው ራሱ ተመልሶ ማረም አይችልም። በዚህ ሁሉ ጣጣ ነው የሠሩት።

ጽሑፉ በ2012 አናልስ ኦቭ ማቲማቲክስ ላይ ወጣ። ደራሲው ማን ተባለ? “ዲ. ኤች. ጄ. ፖሊማዝ”። የዚህ ስም ሰው የለም። የደቦው ስም ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ አለ። ታዋቂ ፕሮፌሰር ስሙ ባይጻፍ አይጎዳም። ሥራ የሚፈልግ ወጣት ግን ማመልከቻው ላይ ምን ይጽፋል? “ከፖሊማዝ አንዱ ነኝ” ይበል? በደቦ የታረሰ እርሻ አዝመራው የባለቤቱ ነው፤ እዚህ ባለቤቱ ማን ነው? ለኔ ግማሽ መልሱ መሣሪያው ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እያንዳንዱ አስተያየት ከነስሙ፣ ከነቀኑና ሰዓቱ ተቀምጧል። የትኛው ሐሳብ ከማን እንደመጣ የፈለገ ሄዶ ያነባል። ዝግ በር ውስጥ በሚሠራ ሥራ ግን “ሐሳቡ የኔ ነበር” የሚል ታናሽ ማስረጃ የለውም። ግማሹ ጥያቄ ግን ዛሬም አልተመለሰም፤ ቀጣሪ የሚቆጥረው አሁንም ሽፋን ላይ ያለውን ስም ነው።

በ2013 ደግሞ ሌላ ታየ። ይታንግ ዣንግ ለብቻው ደክሞ፣ ልዩነታቸው ከ70 ሚሊዮን የማይበልጥ የፕራይም ቁጥር ጥንዶች ማለቂያ እንደሌላቸው አረጋገጠ። ይሄ የብቸኛ ሰው ድል ነው፤ ደቦ ሁሉን አይተካም። ወዲያው ግን ታኦ የመራው የፖሊማዝ ቡድን ቁጥሩን በጥቂት ወራት ወደ 4,680 አወረደው። ከዚያ ወጣቱ ጄምስ ሜይናርድ በራሱ አዲስ መንገድ 600 አደረሰው፤ ደቦው ተቀላቅሎት በ2014 ቁጥሩ 246 ደረሰ። ብቸኛው በር ይከፍታል፣ ደቦው መንገዱን ይጠርጋል።

፮. ቅንፉን ሳይዘጋ ሻይ የሄደው

ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ኦቨርሊፍን ነው። በ2012 ብሪታንያ ውስጥ ጆን ሃመርስሊና ጆን ሊስ-ሚለር ጀመሩት፤ ሁለቱም ያለ ሹፌር በሚሄዱ መኪኖች ላይ ይሠሩ የነበሩ የሒሳብ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ራይትላቴክ ይባል ነበር። ሼርላቴክ ከሚባል ተፎካካሪው ጋር በ2017 አንድ ሆኑ። ሐሳቡ የሁለት አሮጌ ሐሳቦች ጋብቻ ነው፤ የ1977ቱ ክኑትና የ1989ኙ አብሮ የመጻፍ ዘዴ። በግራ ጥሬው ጽሑፍ፣ በቀኝ የተሣለው ገጽ።

እኔም ከሁለት ወዳጆቼ ጋር፣ ሦስታችንም በተለያየ ከተማ ሆነን ስንጽፍበት ያየሁት ጣጣ አለ። አንዱ ጥምዝ ቅንፍ ይከፍትና ሳይዘጋ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። ገጹ ለሁላችንም ይቆማል፤ ቀይ ማስጠንቀቂያ ብቻ። “ማነው የከፈተው?” እያልን እንፈላለጋለን። ቀመር እንደ ተራ ጽሑፍ አይደለም፤ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይነበባል፣ ግማሽ ቀመር ግን አይነበብም። ግን እኮ ይሄ ጣጣ ራሱ ከበሬታ ያለው ነው፤ ስህተቱን ማንኛችንም ገብተን መዝጋት እንችላለን።

ሌላው መንገድ ጊትሃብ ነው። በ2012 እና 2013 ፕሪንስተን ላይ የተሰበሰቡ ሁለት ደርዘን ያህል የሒሳብ ሰዎች፣ ሆሞቶፒ ታይፕ ቲዎሪ የሚባለውን 600 ገጽ መጽሐፍ ከግማሽ ዓመት ባነሰ ጊዜ በዚህ መንገድ ጽፈው በነጻ ለቀቁት። በ2023 መጨረሻም ጋወርስ፣ ግሪን፣ ማነርስና ታኦ ያገኙትን አንድ ከባድ ማረጋገጫ፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተከፋፍለው ሊን በሚባለው ፕሮግራም ቋንቋ በ3 ሳምንት ገደማ ጻፉት። ሊን እያንዳንዷን እርምጃ ራሱ ስለሚመረምር፣ ከማታውቁት ሰው ጋር ለመሥራት እሱን ማመን አይጠበቅባችሁም። ሥራው ራሱ ይመሰክራል።

፯. እኛስ?

የኛም ፊደል በዚህ መንገድ ላይ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ ከነቁጥሮቹ ከ፩ እስከ ፼። ከዚያም በፊት ሆነ በኋላ ፊደላችንን ከላቴክ ጋር ለማስማማት የደከሙ ሰዎች አሉ። ዛሬ ኦቨርሊፍ ላይ ዚላቴክ የሚለውን ምርጫ ወስዳችሁ፣ የግዕዝ ፎንት ሰጥታችሁት፣ ማብራሪያውን በአማርኛ ቀመሩን በምልክት መጻፍ ይቻላል። ኔትዎርክ ሲቆራረጥ ያስቸግራል፣ አውቃለሁ። ግን ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፤ አውርዳችሁ በስልክም ብታስቀምጡት ከአንድ ፎቶ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዝ።

ይሄን ሁሉ ያወራሁት ለአንድ ነገር ነው። ፎቶ ማሳየት ነው፤ ጽሑፍ ግን ማካፈል ነው። ፎቶ የላከ ሰው “እዩልኝ” ይላል፣ ጥሬውን ጽሑፍ የላከ ሰው “ግቡበት” ይላል። ራማኑጃን እንግሊዝ ድረስ የሄደው ግቡበት የሚባልበት ወረቀት ስላልነበረ ነው። ዛሬ ጎንደር ያለ ተማሪ፣ ጅማ ያለ አስተማሪ፣ ሚኒሶታ ያለ ኢንጂነር አንድ ቀመር ላይ እጃቸውን ሊያስገቡ ይችላሉ፤ ከነስማቸው፣ ከነሰዓታቸው።

በየግሩፑ የምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ከሳምንቱ ጥያቄዎች አንዷን ብቻ በላቴክ ጻፏት። ልጆቹ ሲያርሟችሁ አትቀየሙ፣ ደቦ እንደዛ ነው። ከዓመት በኋላ ሃምሳ የታረመ፣ የሚፈለግ፣ ማንም የሚቀጥልበት ጥያቄ ይኖራችኋል። የጀመራችሁ ካላችሁ ደግሞ ከታች ጻፉልኝ፤ ቅንፍ ለመዝጋት እኔም እመጣለሁ።